ዘንዶውን መድረክ ላይ እንዴት እናውጣው?

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ? በዚህ ወር ስለ ትያትር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁት ደግሞ አንድ ነገር ነው። ዘንዶና አስማት፣ ንጉሥና ጦርነት የሞላበት፣ ብዙ ቅጽ ያለው ተከታታይ ልብ ወለድ እንዴት መድረክ ላይ ይወጣል? እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ ብሎኛል። ወጣቶቻችን እንዲህ ያለ ወፍራም መጽሐፍ ማንበባቸው አንድ ነገር ነው፤ አንብበው ሲጨርሱ ተነስተው «እንጫወተው» ማለታቸው ሌላ ነው። አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ፣ ብዙ ነገር ይዟልና።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ደሴ ያለን የአንድ ድራማ ክበብ አባላት ነን፣ 11 ነን። አንዱ ጓደኛችን ላለፉት አራት ዓመታት ፋንታሲ ልብ ወለድ ሲጽፍ ቆይቶ አሁን አምስት ቅጽ ሆኗል። ሦስት መንግሥታት ይዋጉበታል፣ የሚናገር ወንዝ አለ፣ ስም ያላቸው ገጸ ባሕርያት ብቻ ከ60 ይበልጣሉ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ አምባ ላይ የታሰረ ወንድሟን ለማስፈታት የምትሄድ ልጅ ናት። ሁላችንም አንብበን ወደድነው። ለመድረክ እናዘጋጀው ብለን ስንጀምር ግን ተጣላን። ጓደኛችን «አንድም ነገር አይቆረጥም» አለ። አዳራሻችን ትንሽ ነው፤ ጊዜውም ቢበዛ ሁለት ሰዓት ነው። ምን ይሻለናል?

መልስ፦ አብሽሩ፣ ይህ ጥሩ ጠብ ነው። ለሥራው ግድ የሌለው ሰው አይጣላበትም።

መጀመሪያ ደራሲውን ላናግረው። ወንድሜ፣ አራት ዓመት ብቻህን ተቀምጠህ ያቆምከው ዓለም ላይ ሌላ ሰው መቀስ ይዞ ሲመጣ ያማል፤ እኔም ደርሶብኝ አውቀዋለሁ። ግን መጽሐፍህ የትም አይሄድም። አምስቱም ቅጽ እንዳሉ ይቀመጣሉ፣ አንዲት መስመር አትጎድልባቸውም። መድረክ ላይ የሚወጣው ሌላ ሥራ ነው። የመጽሐፉ ታናሽ ወንድም በለው፤ መልኩ ይመስላል፣ ጠባዩ ግን የራሱ ነው።

አሁን ለሁላችሁም። ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩልኝ። ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችሁ ቤት ቡና ይፈላ። መጽሐፉን ያላነበቡ ሰዎች ጥሩ፤ እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት፣ ትንሽ ወንድም። ደራሲው ደብተሩን ቤቱ ትቶ ይምጣ። ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ታሪኩን በቃሉ ይንገራቸው። ሌሎቻችሁ ጥግ ይዛችሁ ጻፉ። የሚናገረውን ብቻ ሳይሆን የሚሰሙትንም ጻፉ፤ አክስትየው ስኒ ማቅረቧን ረስታ አፏን ከፍታ የቀረችበትን ቦታ፣ ትንሹ ልጅ «ከዚያስ?» ያለበትን፣ ሰዎቹ ፊታቸውን አዙረው የራሳቸውን ጨዋታ የጀመሩበትን። ከዚያ ማታ ቁጭ በሉና ቁጠሩ። ከ60ው ሰው ስንቱን በስም ጠራ? ሰባት ወይም ስምንት ቢሆን ነው። ከሦስቱ መንግሥታት ጦርነት ምን ያህሉን ተናገረ? ምናልባት ሁለት ዓረፍተ ነገር። ወንድምየው በእስር ቤት መስኮት ሲጠራት ያለውን ቦታ ግን እየደጋገመ፣ እጁን እያወናጨፈ ነው የነገራቸው። ትያትራችሁ እዚያ ነው ያለው። ማንም አልቆረጠበትም፤ የመረጠው ራሱ ደራሲው ነው። እኔ ይህን ዘዴ ሦስት ጊዜ ሠርቼበታለሁ፣ ሦስቱም ጊዜ ከደራሲው ጋር ያለው ንትርክ በዚያው ቀን አልቋል።

የሚወጣው ደካማው ክፍል ብቻ እንደማይሆን ግን ቀድማችሁ እወቁ። ጥሩውም ይወጣል። ፊሊፕ ፑልማን የጻፋቸው ሦስት ተከታታይ ፋንታሲ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2003 በለንደኑ ብሔራዊ ትያትር ሲታዩ ለመድረክ የጻፋቸው ኒኮላስ ራይት ነበር። ሁለት ትያትር አደረጋቸው፤ አንድ ላይ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ያን ሁሉ ጊዜ ይዞ እንኳ በመጽሐፉ ትልቅ ቦታ ያላትን አንዲት ሴት ሳይንቲስት ሙሉ በሙሉ አወጣት። አንባቢ የሚወዳት ሴት ናት። ለታሪኩ የምትሠራውን ሥራ ግን አልጣለውም፣ ለሌላ ገጸ ባሕርይ አሸከመው። እናንተም ስለ እያንዳንዱ ሰው «እንወደዋለን ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁሉንም ትወዷቸዋላችሁና። «ይህ ሰው ለልጅቷ ጉዞ ምን ይሠራል? ያንን ሥራ እዚሁ መድረክ ላይ ያለ ሌላ ሰው ሊሠራው ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ስለ ትንሹ አዳራሽ አትዘኑ። «የቀለበቶቹ ጌታ» የሚባለው ዝነኛ ሦስት ቅጽ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሮንቶ ላይ ሙዚቃዊ ትያትር ሆኖ ወጥቶ ነበር። ከ50 በላይ ተዋናይ፣ ወለሉ የሚነሳና የሚወርድ መድረክ፣ 28 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ወጪ። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ተዘጋ። በ2023 ደግሞ ያው ሥራ እንግሊዝ ገጠር ውስጥ በቀድሞ የውኃ ወፍጮ ቤት፣ 200 ሰው ገደማ በሚይዝ ትንሽ ትያትር ቤት እንደገና ተዘጋጀ። ተዋንያኑ 20 ያህል ናቸው፣ ሙዚቃውንም የሚጫወቱት ራሳቸው ናቸው። ትያትሩ የሚጀምረው ደጅ በአትክልቱ ቦታ፣ በልደት ድግስ ነው፤ ተመልካቹም እንግዳ ሆኖ ድግሱ መሃል ይቆማል። ይኼኛው ተወደደ፣ በዓመቱም ባሕር ተሻግሮ ቺካጎ ድረስ ሄደ። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ የእኛው ሰርግ ዳስ ነው። ድግስ መጀመርማ ለወሎ ልጅ ማን ያስተምረዋል?

ስለ አምባው። ግንብ አትሥሩ፣ ሥዕልም አታሥሉ። አምባሰል ውስጥ ግሸን አምባ ላይ የነገሥታት ልጆች በዙፋኑ እንዳይጣሉ ተብሎ ለብዙ ዘመን ተዘግቶባቸው ኖረዋል። መስከረም 21 ለንግሥ የሚወጣ ሰው ያንን ዳገት በጉልበቱ ያውቀዋል። ልጅቷ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆማ ቀና ብላ ትይ፣ ትንፋሿ ይቆራረጥ፣ ስሙን ትጥራ፤ መልሱም ዘግይቶ ከአዳራሹ ኋላ ይምጣ። የእናንተ ተመልካች አምባውን ራሱ ያቆመዋል።

ስለ ጉዞው ደግሞ። በእንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ግማሹ ገጽ መንገድ ነው፣ መንገድ ደግሞ መድረክ ላይ ወዲያው ይሰለቻል። አንድ ወፍራም ገመድ ግዙ። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል መድፍ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ወራት ፈጅቶ መቅደላ እንደወጣ እኛ ዘንድ ያልሰማ የለም። ሠራዊቱ የሚያልፍበት ምዕራፍ ላይ ገመዱን ከአዳራሹ በር እስከ መድረኩ ዘርጉት፤ አምስት ልጆች በተመልካቹ መሃል እየጎተቱ ይለፉ። የሚጎተተው ነገር ከበሩ ውጭ ይቅር፣ አይታይ። ትከሻቸው ይታይ፣ እግራቸው ሲንሸራተት ይሰማ፣ አንዱ ይውደቅና ሌላው ቦታውን ይያዝ። ከ60 ገጽ በላይ ጉዞ በአራት ደቂቃ ይነገርላችኋል።

የሰዓቱን ነገር ጠበቅ አድርጉ። ረጅም ትያትር ኃጢአት አይደለም። ፒተር ብሩክ የሕንዶችን ታላቅ ጥንታዊ ታሪክ፣ ማሃባራታን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ፈረንሳይ አገር አቪኞን አጠገብ በድንጋይ መፍለጫ ጉድጓድ ውስጥ ሲያሳይ ሥራው 9 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ ሌሊቱን አድረው ጎህ ሲቀድ ያለቀበት ጊዜም ነበር። እኛም ሌሊቱን ሙሉ ማህሌት የሚቆም፣ ሌሊቱን ሙሉ መንዙማ የሚያደምጥ ሕዝብ ነን፤ መቀመጥ አያቅተንም። ግን ያ ሕዝብ የሚያድረው ለሚያውቀውና ለሚያምንበት ነገር ነው። እናንተን ገና አያውቃችሁም። ደሴ ላይ ማታ ብርድ አለ፣ ጉም አለ፣ የባጃጅ ነገር አለ። ስለዚህ ቅዳሜ ቀን 8 ሰዓት ላይ ጀምሩና 10 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሱ። ታሪኩ አልበቃ ካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛውን ክፍል አሳዩ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ የመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻውን የቆመ ይሁን። ሁለተኛውን ሳያይ የሚቀር ሰው የጎደለው ነገር ይዞ ወደ ቤቱ አይሂድ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ለወላጆች ቀን የምናሳየው ትያትር ላይ ዘንዶ አለ። በካርቶንና በማዳበሪያ ከረጢት ሠራነው። ልምምድ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁ፣ እኛም አዘንን። እንዴት ነው የሚያስፈራው?

መልስ፦ ልጄ፣ አይዞሽ። የእኔም ዘንዶ ተስቆበታል። ወጣት ሳለሁ በሠራነው ትያትር ላይ አምስት ሜትር የሚሆን ዘንዶ ከሸራ ሰፍተን፣ ሁለት ሳምንት ቀለም ስንቀባ ከርመን፣ መጋረጃው ሲከፈት አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። በጣም ነው ያዘንነው። በሁለተኛው ቀን ዘንዶው ሊወጣ ሲል መብራት ጠፋ። አዘጋጃችን ፋኖስ አስለኮሰና መድረኩ መሃል አስቀመጠው፤ ዘንዶውን እንዳታወጡ አለን። ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን አብረን መተንፈስ ጀመርን። ቀስ ብለን ወደ ውስጥ፣ ቀስ ብለን ወደ ውጭ፣ ስምንት ሰው በአንድ ትንፋሽ። የጀግናውን ሚና የሚጫወተው ልጅ ከፋኖሱ አጠገብ ቆሞ ወደ ጨለማው ያያል። አንድም ሰው አልሳቀ። ፊት ወንበር ላይ የነበረች ሴት ልጇን ወደ ጉያዋ ስትስበው በፋኖሱ ብርሃን አየኋት። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋችም።

ከዚያ በኋላ የገባኝን ልንገርሽ። ተመልካች የሚፈራው ዘንዶውን አይቶ አይደለም። ዘንዶውን የሚያየውን ሰው ፊት አይቶ ነው። ስለዚህ የልምምዳችሁን ጊዜ ግማሹን ለሚፈራው ተዋናይ ስጡት።

መታየት አለበት ካላችሁም ሙሉውን አታሳዩ። አንድ መንጋጋ ብቻ፣ ወይም አንድ ረጅም ጥላ በነጭ አንሶላ ላይ ይበቃል። የሚያንቀሳቅሱትን ልጆች ለመደበቅም አትጨነቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ላይ ስለ አንድ የጦር ፈረስ የሚተርክ ትያትር ወጥቶ ነበር፤ ፈረሶቹን የሠሩት የደቡብ አፍሪካ የአሻንጉሊት ባለሙያዎች ናቸው፣ ሃንድስፕሪንግ ይባላሉ። ትልቁን ፈረስ ሦስት ሰዎች ናቸው የሚያንቀሳቅሱት፤ ተመልካቹ ፊት በግልጽ ይታያሉ። ሆኖም ፈረሱ ስለሚተነፍስ፣ ጆሮውን ስለሚያዞር፣ ሰው ወዲያው ሰዎቹን ይረሳል። የእናንተም መንጋጋ መጀመሪያ መተንፈስ ይማር። መናከሱ ይደርሳል።

ለድምፁ ቆርቆሮ አለ፣ ወንፊት ላይ የሚንከባለል ባቄላ አለ፣ መሬት ላይ የሚጎተት ሰንሰለት አለ። አንድ ነገር ግን አደራ እልሻለሁ። ከመንዙማ የምናውቀውን የድቤ አመታት፣ ከማህሌትም የምናውቀውን ከበሮ ለዘንዶው አታድርጉት። አዳራሹ ውስጥ የሚቀመጡት እናቶችና አባቶች ያንን ድምፅ የሚሰሙበት የተከበረ ቦታ አላቸው። ለጭራቅ ሲሆን ያዝናሉ፣ እኔም አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ መምህር ነኝ፤ ጡረታ ልወጣ ጥቂት ቀርቶኛል። አንድ ታዋቂ የውጭ ፋንታሲ የመጀመሪያ ቅጹን ወደ አማርኛ መልሼ ለተማሪዎቼ ትያትር እያደረግሁት ነው። ሁለት ነገር ያሳስበኛል። ፈቃድ ያስፈልገኛል? ሰዎቹንና ቦታዎቹንስ የአገራችን ስም ልስጣቸው?

መልስ፦ መምህር፣ በዚህ ዕድሜዎ ይህን ድካም ለተማሪዎችዎ መሸከምዎ ያስመሰግንዎታል።

ፈቃዱን በተመለከተ፣ አዎ፣ ይጠይቁ። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መተርጎምም፣ ወደ ሌላ ቅርፅ መለወጥም፣ ለሕዝብ ማሳየትም የሥራው ባለቤት መብቶች ናቸው። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ለአሳታሚው ወይም ለደራሲው ወኪል አጭር ኢሜይል ይጻፉ፤ ማን እንደሆኑ፣ ተማሪዎቹ ስንት እንደሆኑ፣ መግቢያ ይከፈል እንደሆነ። ትልቅ ደራሲ ለእኔ አይመልስም ብለው ተስፋ አይቁረጡ። ስቲቨን ብሪግስ የሚባል እንግሊዛዊ አቢንግደን በምትባል ትንሽ ከተማ ከአማተር ጓደኞቹ ጋር ትያትር የሚሠራ ሰው ነበር። የቴሪ ፕራቼትን አንድ መጽሐፍ ለመድረክ ላዘጋጅ ብሎ ጠየቀ፣ ተፈቀደለት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 አሳዩት። ከዚያ በኋላ የዚያኑ ደራሲ ብዙ መጻሕፍት ለመድረክ ጻፈ፤ ጽሑፎቹም ታትመው በሌሎች አገሮች ያሉ አማተሮች ይጫወቷቸዋል። እምቢ ካሉዎት ደግሞ አይዘኑ፣ ተማሪዎችዎ የራሳቸውን ዓለም እንዲጽፉ ያድርጉ። የደሴው ልጅ አምስት ቅጽ ጽፏል።

ስሞቹን ግን ባይነኩ እመርጣለሁ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ኦቴሎንና ሐምሌትን ወደ አማርኛ ሲመልስ ስማቸውን ተወላቸው፤ ሕዝቡም እነዚያን ባዕድ ስሞች አፉን ሞልቶ ጠራቸው። አገሩን ያገኘው በአማርኛው ውስጥ ነው። እርስዎም ኃይልዎን ንግግሩ ላይ ያውሉት። መጽሐፉ ውስጥ ያለች አሮጊት ወጣቱን ስታጽናና «አብሽር የኔ ልጅ» ብትል፣ ስትመርቀው እንደ ሐይቅ እናት ብትመርቀው፣ ስሟ ምንም ቢሆን ተማሪዎችዎ ያውቋታል። ስሟን ቀይረው ንግግሯን ከመጽሐፉ ቃል በቃል ቢያመጡት ግን ባዕድ ሆና ትቀራለች።

ጥያቄ፦ ከወልድያ ነው። የእኛ ትያትር ላይ ተራኪ አለ፣ ትንቢት የሚናገር ሽማግሌም አለ። አንድ ባለሙያ አይቶን «ተራኪ የሰነፍ መፍትሔ ነው፣ አውጡት፤ ትንቢቱም ያንቀላፋል» አለን። ትክክል ነው?

መልስ፦ ስለ ተራኪው አልስማማም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ትንሽ መጽሐፍ አይደለም፤ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገሩ ሁሉ ሥራ አቁሞ ሰማው። አንድ ድምፅ ነው፣ መጋረጃ እንኳ የለውም። ሰውየው ግን ፊታውራሪ መሸሻ ሲሆን ፊታውራሪ ነበር፣ በዛብህ ሲሆን በዛብህ። ስለዚህ የእናንተን ተራኪ መርምሩት። የማይታየውን ለመሙላት ብቻ ገብቶ ከሆነ፣ ባለሙያው እውነቱን ነው። ግን በታሪኩ ውስጥ የሚያጣው ነገር ካለው፣ ለምሳሌ ከጦርነቱ የተረፈ ወታደር ከሆነ፣ ወይም ንጉሡን ያወደሰና አሁን የተጸጸተ አዝማሪ ከሆነ፣ አታውጡት። መሰንቆ ስጡት። አምባሰልንና ባቲን የወለደ አገር ላይ ተቀምጠን ተራኪያችን ወረቀት ይዞ ቆሞ ሲያነብ ማየት ይቆጨኛል።

ትንቢቱ የሚያንቀላፋው በስድ ንባብ ስለጻፋችሁት ይመስለኛል። ወሎ ውስጥ የሼህ ሁሴን ጅብሪል ትንቢቶች ትውልድ የተሻገሩት በግጥም ስለተነገሩ ነው፤ ቡና ላይ አንዱ ይጀምረዋል፣ ሌላው ይጨርሰዋል። የእሳቸውን ቃል አትውሰዱ፣ የሰው ሀብት ነው። መንገዱን ግን ተማሩበት። ሽማግሌው ሁለት ስንኝ ብቻ ይናገር፣ ቤት የሚመታ፣ ሁለት ትርጉም ያለው። መጀመሪያ ገቢር ላይ ሁሉም በሰሙ ይረዱት። ወርቁ መጨረሻ ላይ ይውጣ፣ ያውም ሽማግሌው ሳይኖር፣ ልጅቷ ስንኙን ለራሷ ስትደግመው። ልካችሁን ለማወቅ ደግሞ ልምምድ ያየ ሰው በማግስቱ ስንኙን በቃሉ ይለው እንደሆነ ጠይቁት። ካላስታወሰው እንደገና ጻፉት። አራት አምስት ጊዜ ብትጽፉት አይግረማችሁ።

የደሴዎቹ ልጆች፣ ቡናው ላይ ደራሲው ምን እንደተናገረና ምን እንደረሳ ጻፉልኝ። ገመዱንም ሳትገዙ በፊት ሰኞ ገበያ ጠይቁ፣ ጭነት የሚያስሩበት ያረጀ ገመድ ይገኛል፤ አሮጌው ከአዲሱ ይልቅ መድረክ ላይ ያምራል።